ስለ ፕሮስቴት ናሙና አባቶችና ቤተሰቦች ሊያውቁት የሚገባ

ጤናና ቤተሰብ፦ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ዐምድ፣ ራማት የዲዲም፣ ናታንያ



በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ በአደባባይ የማይነገር፣ በቤት ውስጥም ቢሆን በሹክሹክታ የሚወራ የአባቶች ጉዳይ ነው። ይኸውም የፕሮስቴት ምርመራ፣ በተለይም በዕብራይስጥ «ቢዮፕሲያ» የሚባለው ናሙና የመውሰድ ሥራ ነው። ወደ እኛ ከሚመጡ ቤተሰቦች መካከል አባታቸው ለዚህ ምርመራ ቀጠሮ ተይዞላቸው ሳይሄዱ የቀሩ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሄደው፣ ምን እንደተደረገላቸው በደንብ ሳይገባቸው ተመልሰው፣ ማታ ትኩሳት ሲነሣባቸው «ነገ ይሻለኛል» ብለው የተኙ አሉ። ሁለቱም አደገኛ ነው። የመጀመሪያው በሽታ ካለ ተደብቆ እንዲያድግ ጊዜ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ደግሞ በቀላሉ ሊድን የሚችለውን ሰው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ መድኃኒትም አናዝም። ሥራችን ሐኪሙ የሚለውን እናንተ እንድትረዱት፣ እናንተ የምትሉትንም ሐኪሙ እንዲሰማው ማገዝ ነው። ስለዚህ ከናሙናው በፊት ምን መጠየቅና ምን መናገር እንደሚገባ፣ ከናሙናውም በኋላ ምን መጠበቅ እንዳለበት ባጭሩ እናስረዳለን።

ፕሮስቴት ምንድን ነው?

ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ እጢ ነው። ከሽንት ፊኛ በታች፣ ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ይገኛል፤ የሽንት መተላለፊያውም በመካከሉ ያልፋል። በዕብራይስጥ «ዓርሞኒት» ይባላል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ እጢ በአብዛኛዎቹ ወንዶች ላይ ያድጋል። ሲያድግ መተላለፊያውን ስለሚያጠብብ ሽንት ይቆራረጣል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣል፣ ሲብስም ጨርሶ ይዘጋል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም፤ መድኃኒትም አለው። ይሁን እንጂ በዚሁ እጢ ላይ ካንሰር ሊነሣ ይችላል። ካንሰሩ በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም።

በአገር ቤት ሳለን «ሽንት ዘግቶት ሞተ»፣ «ወገቡን እያመመው ቆይቶ አረፈ» ሲባል እንሰማ ነበር። ምክንያቱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠበት ሰው ጥቂት ነው። ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የካንሰር የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረ ማስታወስ ይበቃል። በመሆኑም እዚህ ሐኪሙ «በቤተሰብህ ካንሰር የያዘው አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» ብሎ መመለስ ትክክለኛ መልስ ላይሆን ይችላል። ይልቅስ «አባቴ ሽንት ዘግቶት ሞተ፣ ወንድሜም አጥንቱን እየመረመረው ነበር» ብሎ የሚያውቁትን እንዳለ መናገር ይሻላል። አባት ወይም ወንድም የፕሮስቴት ካንሰር ከነበረበት የሰውየውም አደጋ ከፍ ይላልና።

ናሙና ለምን ያስፈልጋል?

ምርመራው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ፒ. ኤስ. ኤ.» በሚባል የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ ከ4 በላይ ሲሆን ሐኪሞች ነገሩን በቅርብ ይከታተሉታል። ነገር ግን ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ የእጢው ማደግ ወይም የሽንት መሥመር ቁስለት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና። በዚህም ምክንያት ሐኪሙ ምርመራውን እንደገና ሊያዝ ይችላል። እርግጠኛው መልስ የሚገኘው ከእጢው ቅንጣት ሥጋ በመርፌ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው።

ዛሬ በብዙ ቦታ ከናሙናው በፊት «ኤም. አር. አይ.» የሚባለው ምስል ይነሣል። ይህ በማግኔት የሚሠራ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና በ11 አገሮች 500 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ጥቅሙን በግልጽ አሳይቷል። ምስሉን አስቀድመው ከተነሡት ከመቶው 28ቱ ጨርሶ ናሙና መስጠት ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል። ሕክምና የሚፈልግ ዓይነት ካንሰር የተገኘባቸውም በዚህኛው መንገድ ከመቶ 38 ሲሆኑ፣ ያለ ምስል ናሙና በተወሰደባቸው ዘንድ ግን ከመቶ 26 ነበሩ። ምክንያቱም ምስሉ የሚያጠራጥረውን ቦታ ስለሚያሳይ መርፌው በግምት አይገባም። ስለዚህ ሐኪሙን «ከናሙናው በፊት ኤም. አር. አይ. ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከአባቶቻችን መካከል በውትድርና ያለፉ፣ በሰውነታቸው ውስጥ የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ የቀረባቸው አሉ። የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተተከለላቸውም አሉ። ወደ ማግኔቱ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ይህን መናገር ግዴታ ነው።

መርፌው የሚገባባቸው ሁለት መንገዶች

ናሙናው የሚወሰደው በሁለት መንገድ ነው። በሁለቱም ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ ቀጭን መርፌ ወደ እጢው ያስገባል፤ ከአጠራጣሪው ቦታ ጥቂት፣ ከቀረው እጢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቅንጣቶች ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው። መርፌው ቅንጣቷን ሲቆርጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው ይደነግጣል፤ የሚያውቀው ግን ተረጋግቶ ይተኛል።

የመጀመሪያው መንገድ መርፌው በፊንጢጣ በኩል የሚያልፍበት ነው፤ «ትራንስሬክታል» ይባላል። ለብዙ ዓመታት የተለመደው ይህ ነው። ችግሩ ፊንጢጣ በተሐዋስያን የተሞላ ስፍራ በመሆኑ መርፌው ተሐዋስያኑን ይዞ ወደ እጢውና ወደ ደም ሊያስገባቸው መቻሉ ነው። ይህን ለመከላከል አንቲባዮቲክ አስቀድሞ ይሰጣል። ያም ሆኖ በልዩ ልዩ አገሮች እንደታየው ከመቶ ሰው ከአንድ እስከ አራት የሚሆነው በቁስለት ምክንያት ሆስፒታል ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ በፊንጢጣና በቆለጥ ከረጢት መካከል ባለው ቆዳ በኩል ነው፤ «ትራንስፔሪኔያል» ይባላል። ቆዳው በሚገባ ስለሚጸዳ መርፌው ከሰገራ መንገድ ጋር አይገናኝም። የአውሮፓ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም በቁስለት አነስተኛነቱ ይህን መንገድ ያስቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ በእንግሊዝ አገር 1,126 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት በቆዳ በኩል ከተወሰደባቸው ከመቶ 60፣ በፊንጢጣ በኩል ከተወሰደባቸው ደግሞ ከመቶ 54 ላይ ሕክምና የሚያሻ ካንሰር መገኘቱን ገልጿል። በዚያው ጥናት በቆዳ በኩል የተወሰደባቸው ሰዎች የበለጠ ሕመም እንደተሰማቸው ተናግረዋል።

ነገሩ ግን አንዱ ጥሩ ሌላው መጥፎ ነው የሚባል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ከወጡት ሁለት ጥናቶች አንዱ በቆዳ በኩል ናሙና ከሰጡት መካከል ቁስለት የያዘው አንድም ሰው እንዳልነበረ፣ በፊንጢጣ በኩል ከሰጡት ግን አራት ሰዎች እንደያዛቸው ሲያሳይ፣ ሌላው ደግሞ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ከዚህ የምንረዳው ዝግጅቱ ከመንገዱ ያላነሰ ዋጋ እንዳለው ነው። እናንተም «በየትኛው መንገድ ነው የምትወስዱት? ለምን?» ብላችሁ ለመጠየቅ መብት አላችሁ።

ለሐኪሙ መነገር ያለባቸው ነገሮች

ይህ ክፍል አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች ዋነኛው ነው። በአገር ቤት ሳለን ሆድ ሲያመን ወይም ሽንት ሲያቃጥለን ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲፕሮ ወይም አሞክሳሲሊን ገዝተን እንውጥ ነበር። ሲሻለንም የተረፈውን ለጎረቤት እንሰጥ ነበር። እንዲህ ሲደረግ በአንጀት ውስጥ ያሉ ተሐዋስያን መድኃኒቱን ይላመዱታል። ከናሙናው በፊት የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ደግሞ ያንኑ የተላመዱትን ሲፕሮ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ተውጦም አይከላከልም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች አንድም ሳታስቀሩ ተናገሩ፦

ባለፉት ስድስት ወራት አንቲባዮቲክ ወስዳችሁ እንደሆነ፣ ስሙን ባታውቁት ሣጥኑን ወይም ፍሬውን ይዛችሁ ሂዱ። በቅርብ ጊዜ ከኢትዮጵያ መጥታችሁ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ደርሳችሁ ተመልሳችሁ እንደሆነ ተናገሩ፤ ከውጭ አገር ጉዞ የመጣ ሰው የተላመዱ ተሐዋስያንን ሊይዝ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። የስኳር በሽታ ካለባችሁ፣ የሽንት ቱቦ ከተደረገላችሁ፣ በቅርቡ ሆስፒታል ተኝታችሁ ከነበረ፣ ለማንኛውም መድኃኒት ሰውነታችሁ የሚቆጣ ከሆነ ይህንንም ግለጹ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ሽንት እንዲመረመር («ታርቢት ሼቴን»)፣ ከፊንጢጣም ናሙና ተወስዶ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ እንዲታይ ሊያዝ ይችላል። ሽንት በሚያቃጥልበት ጊዜ ቁስለቱ ሳይታከም ናሙና አይወሰድም።

ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች፣ ለምሳሌ ካርቲያ፣ ኩማዲን ወይም ኤሊኩዊስ፣ ይህን አስቀድመው ያስታውቁ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ልብ ወይም አንጎል ላይ አደጋ ያመጣልና። መቼ እንደሚቆምና መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በቤት የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ካለም መናገር ያሳፍራል ተብሎ መደበቅ የለበትም።

የአባት ሕመም በልጅ አንደበት

አባት ስለ ሽንቱና ስለ ዘር ፈሳሹ በሴት ልጁ ወይም በ12 ዓመት የልጅ ልጁ አማካይነት ለሐኪም እንዲናገር ማድረግ ተገቢ አይደለም። አባት ያፍራል፣ ግማሹን ይደብቃል። ልጅም የማያውቀውን ቃል ይዘልለዋል፣ የሚያስፈራውን ደግሞ «ምንም የለም» ብሎ ይተረጉማል። ከዚህም ሌላ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ለአባቱ እንዲያደርስ የሚገደድ ልጅ ሸክሙን ይዞ ይኖራል።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለሕመምተኞች የቋንቋ እገዛ እንዲያዘጋጁ አዝዟል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ «አኒ ጻሪኽ ቱርጌማን ለአምሃሪት» (የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ) በሉ። በስልክም ቢሆን ማስተርጎም ይቻላል። የሚኒስቴሩ የመረጃ ስልክ ኮከብ 5400 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕመምተኞች መብት ሕግ ደግሞ ሐኪሙ ስለ በሽታው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ አደጋውና ስለ ሌሎች አማራጮች ሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲያስረዳ ያዝዛል። «ሀስካማ ሚዳዓት» የሚባለው ፊርማ ትርጉሙ «ተነግሮኝ፣ ገብቶኝ ተስማማሁ» ማለት ነው። ስለዚህ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅና የሕክምና መዝገባችሁን ቅጂ የመውሰድ መብትም በዚሁ ሕግ ተሰጥቷችኋል። ከሆስፒታሉ ቀጠሮ በፊት የኩፓት ሆሊም መተማመኛ፣ ማለትም «ጦፌስ 17»፣ መውጣቱን አረጋግጡ። ይህ ካልገባችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ።

አንዳንድ አባቶች «ሥጋችንን ወስደው ምን ያደርጉታል?» ይላሉ። ይህ ጥርጣሬ ከምንም የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 ከማኅበረሰባችን የተለገሰው ደም በማገን ዳቪድ አዶም የደም ባንክ ተቀብለውት ኋላ እንደሚደፋ ታውቆ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥተዋል። ያ ቁስል በቀላሉ አልጠገገም። ነገር ግን ጥርጣሬ ለመጠየቅ እንጂ ቤት ለመቀመጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ከእናንተ የተወሰደው ቅንጣት ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ በባለሙያ ይታያል፤ የውጤቱም ወረቀት የእናንተ ነው። «ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው አባባልም ብዙዎችን አስቀርቷል። ከፕሮስቴት ናሙና የተነሣ እንዲህ ያለ መሰራጨት እጅግ በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ ነው። ይልቅስ ሳይታወቅ የቆየው ካንሰር ነው የሚሰራጨው።

ከናሙናው በኋላ

ናሙናው እንዳለቀ አብዛኛው ሰው በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለጥቂት ቀናት በሽንትና በሰገራ ላይ ትንሽ ደም ማየት፣ ለጥቂት ሳምንታትም የዘር ፈሳሽ መቅላት ወይም መጥቆር የሚጠበቅ ነው። ይህ ሚስትንም ባልንም ሊያስደነግጥ ስለሚችል ሁለቱም አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው። ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ለጥቂት ቀናት ከባድ ዕቃ አለማንሣት፣ የታዘዘውን አንቲባዮቲክም እስከ መጨረሻው መውሰድ ይገባል።

የሚከተሉት ግን የሚጠበቁ አይደሉም፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንዘፍዘፍ፣ ሽንት ጨርሶ እምቢ ማለት፣ የረጋ ደም ወይም የማያቆም መድማት፣ ድንገተኛ ድካምና የአእምሮ መደናገር። ከነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል («ሚዩን») መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳቱን በአካሞል ሸፍኖ መተኛት ወይም ከአገር ቤት የመጣ አንቲባዮቲክ መዋጥ አደጋውን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ተሐዋስያኑ ደም ውስጥ ከገቡ ሕይወትን የሚወስነው የሰዓታት ጉዳይ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ቤት ከናሙናው ቀን በፊት ይግዛ።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ መጀመሪያ የምትናገሩት ይህን ይሁን፦ «ዓሲቲ ቢዮፕሲያ ባዓርሞኒት፣ የሽ ሊ ሖም»። ትርጉሙ «የፕሮስቴት ናሙና ሰጥቻለሁ፣ ትኩሳት አለኝ» ማለት ነው። ይህን በዕብራይስጥ ፊደል ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አኑሩት።

ሰንበት ቢሆንስ?

ከአያቶቻችን ሰንበትን አጥብቆ መጠበቅን ወርሰናል። በዚህም የተነሣ ዓርብ ማታ ትኩሳት የያዛቸው አባት «ሰንበት ይውጣ» ብለው መጠበቅ ይቀናቸዋል። ሕይወትን ማዳን («ፒኩዋሕ ኔፌሽ») ግን ሰንበትን እንደሚሽር የሃይማኖቱ ሕግ ራሱ ይደነግጋል። እዚሁ ናታንያ ያለው ላኒያዶ ሆስፒታል የተመሠረተው በጻንዝ ክላውዘንቡርግ ረቢ በራቭ ይቁቲኤል ይሁዳ ሀልበርሽታም ነው። ሕጉን አጥብቆ የሚጠብቅ ሆስፒታል ነው፤ የድንገተኛ ክፍሉ ግን በሰንበትም ሕመምተኛ ይቀበላል። ስለዚህ በሰንበት 101 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት ኃጢአት አይደለም። የሚጠራጠር ካለ ከናሙናው ቀን በፊት ቄሱን ወይም ረቢውን ይጠይቅ።

ስለ ውጤቱ

ውጤቱ የሚደርሰው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ነው። «ካንሰር የለም» ቢባልም ክትትሉ አይቋረጥም። ካንሰር ቢገኝ ደግሞ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ይነገራል። ዝቅተኛው ደረጃ ብዙውን ጊዜ በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልግ በየጊዜው በደም ምርመራ፣ በምስልና በናሙና ይጠበቃል፤ ይህም «ማዓካቭ ፓዒል» ይባላል። በእንግሊዝ አገር ካንሰሩ ከእጢው ሳይወጣ የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች ለ15 ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ውጤት ከመቶው ሦስት እንኳ የማይሞሉት ናቸው በዚህ ካንሰር የሞቱት። ይህም የተመረጠላቸው ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይም ክትትል ቢሆንም ነው። ካንሰር የሚለው ቃል የሞት ፍርድ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ይህ መልካም ውጤት የተገኘው ግን በሽታቸው በጊዜ ለታወቀላቸውና ቀጠሮአቸውን ላላቋረጡ ሰዎች ነው።

ውድ እናቶችና ልጆች፣ አባታችሁ የታጠፈ የቀጠሮ ወረቀት በኪሳቸው ይዘው ዝም ካሉ አትቆጧቸው፤ ብቻቸውንም አትተዉአቸው። ከእኛ ወንድ ሠራተኛ ጋር ብቻቸውን መነጋገር ቢፈልጉ እናመቻቻለን፤ የሚነግሩንም ከእኛ አይወጣም። ወረቀቱን፣ የመድኃኒቶቹን ሣጥንና ጥያቄዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ።